የአቶ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንና የሽለላ ቃል

ስለ ሳክስፎን ነፋሹ ስለ አቶ ጌታቸው መኩሪያ የሚጽፉ የውጭ አገር ሐያስያን ሥራቸውን ብዙ ጊዜ የሚመዝኑት በአሜሪካዊው በኦርኔት ኮልማን ሚዛን ነው። ኮልማን በ1960 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) «ነጻ ጃዝ» የተሰኘውን ሥራ ከመቅረጹ አስቀድሞ ጌታቸው እንዲህ ያለውን አነፋፈስ በአዲስ አበባ ጀምረውት ነበር ይላሉ። ይህ ለክብር የተባለ ነው፤ ነገር ግን የነገሩን ሥር ይሸፍናል። ኮልማን ከጃዝ የኅብረ ድምፅ ሥርዐት ወጥተዋል፤ ጌታቸው ግን ለሌላ ሥርዐት፣ ማለት ለሽለላ፣ ተገዝተዋል።

ጌታቸው በ1935 በይፋት ተወለዱ። አስቀድመው ክራርና ማሲንቆ ከተጫወቱ በኋላ ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገሩ። በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመሩ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ። በእንዲህ ያለ ባንድ ውስጥ ነፋሽ ከጓደኞቹ ጋር እኩል መራመድ ግዴታው ነው። ፎካሪ ግን ከሰው መካከል ብቻውን ወጥቶ ይቆማል። ጌታቸው ሁለቱን ጠባይ በአንድ መሣሪያ አስማሙ።

ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሣል፤ አንዱን ሐረግ በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይነሣል። ልኩ የከበሮ ምት ሳይሆን የራሱ ትንፋሽ ነው። በ2003 በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በ«ኤትዮፒክ» ተከታታይ 14ኛ ክፍል ሆኖ እንደ ገና የወጣውን የጌታቸውን ቅጂ ያደመጠ ይህንኑ ያገኛል፤ ባንዱ ከሥር ምቱን ሳያዛንፍ ሲደጋግም ሳክስፎኑ እየተንቀጠቀጠ ይዘገያል፣ ይጣደፋል፣ ይወርዳል። በጃዝ ጆሮ ሲሰማ ዐመፅ ይመስላል፤ ፉከራን ለሚያውቅ ግን ሕግ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ፎካሪው የዘሩን፣ የፈረሱን ስምና የጀብዱን ታሪክ ይናገራል፤ ሳክስፎን ግን ቃል የለውም። ጀብዱው ያልተነገረ ፉከራ የማን ነው? ጌታቸው በመድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈርና የጀግና ለምድ ለብሰው ሲሸልሉ፣ የጐደለውን ቃል በልብስ የተኩት ይመስለናል። በዚህም ያጡትና ያተረፉት አለ። የአንድ ሰው ዝና መመስከሪያ የነበረው ድምፅ ስም ስላልጠራ የሰሚው ሁሉ ሆነ፤ ነገር ግን ምስክርነቱን አጣ።

ይህ ጕድለት ይበልጥ የሚታየው በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የኔዘርላንድስ ባንድ ጋር ባወጡት «ሞአ አንበሳ» ላይ ነው። ባንዱ ጌታቸውን በሚገባ አጅቧል፤ የድምፁም ኃይል አልቀነሰም። ሆኖም ፉከራን ሰምቶ የማያውቅ አድማጭ የሚያገኘው ቍጣውን እንጂ ክርክሩን አይደለም። የአገሩ ሰው የጐደለውን ቃል በልቡ ይሞላል፤ ስለዚህ የጌታቸው ሽለላ ግማሹ በነፋሹ፣ ግማሹ በሰሚው ዘንድ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጌታቸው በ2016 ዐርፈዋል። ከእንግዲህ አስጊው የርሳቸው ስም መረሳት አይደለም፤ ስማቸው በሸክላና በሲዲ ተቀምጧል። የሚያሰጋው ቃሉን የሚያውቅ ሰሚ እያነሰ መሄዱ ነው። ስለዚህ የዜማ ተማሪ የጌታቸውን ቅጂ ከኮልማን ጋር ከማነጻጸሩ በፊት ከሽማግሌ ፎካሪ አንደበት ጋር ሐረግ በሐረግ ያመሳክረው፤ ፎካሪዎቹም ሳያልፉ ቃላቸው ይቀረጽ።