ታረቁ ከማለት በፊት

ልጁ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ይገባል። የመታው ልጅ ከኋላው አለ። በሩ ላይ ደግሞ ወሬ ለማየት የመጣ ጭፍራ ይታጨቃል። የሚቀጥለውን ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤ "ቲቸር፣ መታኝ" ይላል አንዱ፤ "አንተስ ምን አድርገኸው ነው?" ይባላል፤ ሁለቱም ይንበረከካሉ ወይም አለንጋ ይቀምሳሉ፤ በመጨረሻም "በሉ ተሳሳሙ፣ ታረቁ!" ይመጣል። ጉዳዩ ተዘጋ። የትምህርት ቤት ጉልበተኝነትን የሚያጠና ባለሙያ ግን ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ታርቀው የወጡት ሁለት ልጆች ከግቢው ውጭ ምን እንደሚገጥማቸው በመጠየቅ።

ሙያው ዕድሜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፒተር ፖል ሃይነማን የተባለ የስዊድን ሐኪም፣ ጥቁር የማደጎ ልጁ በእኩዮቹ ሲገለል ማየቱ አንገብግቦት ስለ ነገሩ ጻፈ። ጉዳዩን ከጋዜጣ ክርክር አውጥቶ ጥናት ያደረገው የሥነ ልቦና ሊቁ ዳን ኦልቬውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መገባደጃ ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን አጠፉ፤ መንስኤው የእኩዮቻቸው በደል ሳይሆን አይቀርም ተባለ። አገሩ ደነገጠ። በዓመቱ መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ አወጀ፤ ኦልቬውስም በበርገን ከተማ በ42 ትምህርት ቤቶች 2,500 ያህል ተማሪዎችን ይዞ መከታተል ጀመረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ተበደልን የሚሉት ልጆች ቁጥር በግማሽ ገደማ ወረደ።

ኦልቬውስ ያስቀመጠው መለኪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ድርጊቱ ሆን ተብሎ መፈጸሙን፣ መደጋገሙን፣ በመካከላቸው የአቅም ልዩነት መኖሩን። የኛን አገር መምህር እንቅልፍ ሊነሳው የሚገባው ሦስተኛው ነው። ኳስ ሜዳ ላይ በአንድ ፋውል የተቧቀሱ ሁለት እኩያሞች ቢታረቁ መልካም፤ አንዱ ሁልጊዜ መቺ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተመቺ ከሆነ ግን የሚታረቁበት ጠብ የለም። ያለው በደል ነው። ታረቅ የተባለው ተበዳይ የተነገረው "የድርሻህን ጥፋት አምነህ ውጣ" የሚል ነው፤ በዳዩ የተማረው ደግሞ ዋጋው አንድ መሳሳም ብቻ መሆኑን።

ይህ የግል አስተያየት ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ማሪያ ቶፊና ዴቪድ ፋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ2009 ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ 44 የፕሮግራም ግምገማዎችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። በጥቅሉ ፕሮግራሞቹ ጉልበተኝነትን ከ20 እስከ 23 በመቶ ቀንሰዋል። ልጆችን በልጆች ማሸምገልን የመሰሉ ከእኩዮች ጋር የሚሠሩ ዘዴዎች ግን የተበዳዮችን ቁጥር ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ውጤት ያመጣው የወላጆች ስብሰባ፣ የእረፍት ሰዓት ጥበቃና ጠንከር ያለ፣ ወጥ የሆነ ሥርዓት ነው።

ይህን ለመንዝ ሰው መንገር ድፍረት ይጠይቃል። ሽምግልና ደም ያደረቀበት አገር ነው፤ ሽማግሌው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የፈታውን ነገር ፍርድ ቤት አይፈታውም። ሆኖም ሽምግልና የሚሠራው በሁለቱም ወገን ዘመድ፣ ዋስና አፍ ያለው ሰው ሲቆም ነው። የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ራቤል ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ሊማር የመጣውን ልጅ እናስብ። እንደ ብዙው የደጋ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ ወጥቶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ልብሱና አነጋገሩ ከሩቅ ያስታውቃሉ። "ገጠሬ" ሲሉት የሚቆምለት አጎት ከተማ ውስጥ የለውም። ስንቁን ቢቀሙት ለማን ይናገራል? ለመምህሩ ቢናገር "አሳባቂ" ይባላል፤ ለአባቱ ቢናገር "ተመተህ እንዳትመጣ" የሚል መልስ ይጠብቀዋል፤ ወይም ከትምህርቱ ያስቀሩታል። ስለዚህ ዝም ይላል።

ያንን ዝምታ መስበር ነው የባለሙያው እጅ ሥራ። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ መጠይቅ አባዝቶ ማደል። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ዴስኩ ላይ ሲያርፍ ነው። ሦስት ልጆች በአንድ ዴስክ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ በዳዩ ከተበዳዩ ጎን ሊሆን ይችላል። መልሱን በእጁ ሸፍኖ የሚጽፍ ልጅ፣ መሸፈኑ ራሱ ያሳብቅበታል። መምህሩ ደግሞ የሁሉንም የእጅ ጽሑፍ ያውቃል። ስለዚህ የበሰለ ባለሙያ ጽሑፍ አያስጽፍም፤ ምልክት ብቻ ያስደርጋል። ስም አይጠይቅም፤ የክፍሉን መምህር በትህትና ያስወጣል፤ ከተቻለ ዴስኮቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ ያራርቃል። "በደል ይደርስብሃል?" ብሎም አይጠይቅም፤ ተበዳይ ነኝ ብሎ ራሱን የሚጠራ ልጅ ጥቂት ነው። "ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ዕቃህን ነጠቁህ? ስንት ጊዜ ከጨዋታ አስወጡህ?" ይላል። ድርጊትና ጊዜ ሲጠየቅ ልጅ አይዋሽም ማለት ባይቻልም፣ መልሱ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ሌላው መሣሪያ ካርታ ነው። ልጆቹ ግቢያቸውን ይሥሉና የሚፈሩበትን ቦታ ቀይ ያደርጋሉ። መዝጊያ የሌለው ሽንት ቤት፣ ቧንቧው አጠገብ ያለው ሰልፍ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ወጥቶ የከሰዓቱ እስኪገባ መምህር የማይታይባት ክፍተት፣ ወደ ቤት የሚወስደው ረጅም መንገድ። ቦታው ከታወቀ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ አንድ መምህር በዚያች ሰዓት እዚያች ቦታ መቆም።

የኢትዮጵያን ጉዳይ በረጅሙ የተከታተለው "ያንግ ላይቭስ" የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ 3,000 ልጆችን ይዞ እስከ ወጣትነታቸው ዘልቋል። በ15 ዓመታቸው በእኩዮቻቸው የተበደሉት በ19 ዓመታቸው ምን እንደመሰሉ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ካሉት ጋር ተነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም፣ ጠባሳው በራስ መተማመናቸውና ከሰው ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ተገኘ። የድሃ ልጆች ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ። "የልጅ ነገር ነው፣ ይረሳዋል" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ደግሞ ጭፍራው አለ፤ ያ በሩ ላይ የታጨቀው። ካናዳውያኑ ተመራማሪዎች ዴብራ ፔፕለርና ዌንዲ ክሬግ ቶሮንቶ ውስጥ በልጆች ላይ ገመድ አልባ ማይክሮፎን አድርገው፣ ከሩቅ በካሜራ ቀረጹ። ከመቶው 88 በሆነው ክስተት ተመልካች ልጆች ነበሩ። ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው ብቻ ነው። ከገቡ ግን፣ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ድርጊቱ በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲዋ ክርስቲና ሳልሚቫሊ የመሩት "ኪቫ" የተባለው ፕሮግራም የተገነባው በዚህ ላይ ነው፤ የሚሠራው ከበዳይና ከተበዳዩ ይልቅ በተመልካቹ ላይ ነው። "ዝም አይነቅዝም" እያልን ላሳደግናቸው ልጆች ትምህርቱ ቀላል አይሆንም።

ባለሙያ ሲገባ ትምህርት ቤቱ የማይጠብቀው ጥያቄ ስለ ክፍል አለቃ የሚነሳው ነው። መምህር ሲወጣ አለቃው "ረባሽ" የሚል ዝርዝር ይጽፋል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለ ይገረፋል። ስም ለማሰረዝ እስክሪብቶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ይከፈላል፤ የአለቃው ጓደኛ ግን ቢጮህም አይጻፍም። ትልልቆች ጉልበተኛ የሚሾሙበት ሥርዓት ነው፣ ያውም በወረቀትና በእስክሪብቶ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ አለንጋ የያዘ መምህር ስለ ጉልበተኝነት የሚሰጠው ምክር የሚሰማ አይመስልም።

ማንጓጠጥን በሕግ ለመከልከል እኛም ገና ድሮ ሞክረን ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለእጅ በሙያው የሚሰድብ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዋል። ይሁንና የሸክላ ሠሪ ልጅ "ቡዳ" እየተባለ ብቻውን የሚቀመጥበት ዴስክ ከመቶ ዓመት በኋላም አልጠፋም። አዋጅ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው መምህሩ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ሸክም መጥቷል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ሲከፈቱ፣ ዓመታት የባከኑበት ጎረምሳ ከታናሾቹ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣል፤ ኦልቬውስ የጠቀሰው የአቅም ልዩነት በአንድ ዴስክ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ማለት ነው። በየወረዳው የሥነ ልቦና ባለሙያ እስኪመደብ መጠበቅ አይቻልም። ራቤልም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ መምህራን ግን በዚህ ሳምንት ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አለ፦ የረባሽ ዝርዝሩን ከአለቃው ውሰዱ፤ በፈረቃ መለዋወጫው ሰዓት አንድ ሰው ውጭ አቁሙ፤ የሚያለቅስ ልጅ ሲመጣ ጭፍራውን በትናችሁ ሁለቱን ለየብቻ ስሙ፤ ከሳምንት በኋላም ተበዳዩን ጠርታችሁ ድጋሚ ጠይቁ።