በትእዛዝ ማመፅ

በፒተር ዊር «ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ» (እ.ኤ.አ. 1989) ውስጥ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ጆን ኪቲንግ ተማሪዎቹን የመማሪያ መጽሐፋቸውን መግቢያ ቀድዳችሁ ጣሉ ይላቸዋል። ግጥምን በግራፍ ልለካ የሚል መግቢያ ነውና ቢቀደድ የሚያሳዝን አይደለም። ልጆቹ ያመነታሉ፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ ክፍሉ በተቀደደ ወረቀት ይሞላል። ፊልሙ ይህን እንደ ነጻነት በዓል ያሳየናል። ልጆቹ ያደረጉት ግን የታዘዙትን ነው። ያዘዛቸው ደግና ቀልደኛ ሰው፣ ያውም ሮቢን ዊሊያምስ በመሆኑ ትእዛዝነቱ አይሰማንም።

ዌልተን አካዳሚ በአሜሪካዋ ቬርሞንት ያለ ልብ ወለዳዊ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1959። ትውፊት፣ ክብር፣ ሥርዓት፣ ልቀት የሚሉት አራት መርሆዎቹ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት በአንድ ድምፅ ይነበነባሉ። እዚህ ላይ ዊር ብዙ አይለፋም፤ ጠላቱ ገና ከመጀመሪያው የታወቀ ነው።

የሚያስቸግረው በወዳጅ፣ ማለትም በኪቲንግ በኩል ያለው ተመሳስሎ መሄድ ነው። ደራሲው ቶም ሹልማን ኦስካር ባሸለመው ድርሰቱ ይህን ቢያንስ አንድ ጊዜ በግልጽ አይቶታል። ኪቲንግ ሦስት ልጆችን በግቢው ውስጥ ዝም ብላችሁ ተራመዱ ይላቸዋል። ሲነሱ አካሄዳቸው ለየቅል ነበር፤ ጥቂት ሳይቆዩ እግራቸው ገጠመ፣ ዳር የቆሙትም በጭብጨባ አጀቧቸው። እንዲህ አድርጉ ያላቸው አልነበረም። ኪቲንግ ቀጥሎ ሁሉም በየራሱ አረማመድ እንዲሄድ ሲጠይቅ ተማሪው ቻርሊ ዳልተን ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ያለመራመድ መብቴን እየተጠቀምኩ ነው ይላል። መምህሩም ያመሰግነዋል። በፊልሙ ውስጥ ለኪቲንግ ራሱ እንቢ የተባለበትና እንቢታውም የተከበረበት ጊዜ ይህ ነው።

በመጨረሻው ትዕይንት ይህ ማስተዋል ይጠፋል። ከትምህርት ቤቱ የተባረረውን ኪቲንግን ለመሰናበት ዓይናፋሩ ተማሪ ቶድ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ሌሎችም ይከተሉታል፤ በርካቶች ግን አቀርቅረው ይቀራሉ። ከእነሱ መካከል ካሜሮን የጓደኞቹን ምስጢር ያወጣ ስለሆነ መቀመጥ ሁሉ ፈሪነት ይመስላል። በኪቲንግ ትምህርት ከልቡ ያላመነ አንድ ተማሪ እንኳ ይኖር እንደሆነ ፊልሙ አይጠይቅም።

የተማሪው ኒል ፔሪ ታሪክ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። አባቱ ሐኪም እንዲሆን ወስኖለታል፤ እሱ ግን በሼክስፒር «የመካከለኛ በጋ ሌሊት ሕልም» ውስጥ ፓክን መጫወት ይመኛል። ፈቃዱን ያገኘው የአባቱን ደብዳቤ አስመስሎ ጽፎ ነው። ኪቲንግ የመከረው ግን ሌላ ነበር፦ ከመድረኩ በፊት ለአባትህ የሚሰማህን ንገረው። ኒል ነግሬዋለሁ፣ ተስማማ ብሎ ይመለሳል፤ ውሸቱን ነው። ለአባቱ ዘወትር እሺ እንደሚል ሁሉ ለመምህሩም መስማት የሚፈልገውን መልስ ሰጠው። አባትየው ወደ ወታደራዊ ትምህርት ቤት እንደሚያዛውረው ባስታወቀበት ሌሊት ኒል ሕይወቱን ያጠፋል። ትምህርት ቤቱ ኪቲንግን በሞቱ በሐሰት ወንጅሎ ያባርረዋል፤ ፊልሙ ደግሞ ይህን ውንጀላ ለማፍረስ ሲጣደፍ ከበድ ያለውን ጥያቄ ይዘለዋል፦ ራስህን ሁን የሚል መምህር ባለበት ክፍል፣ አልቻልኩም ፈራሁ ብሎ መናገር ለኒል ለምን ከውሸቱ በላይ ከበደው?