«ተባበሩ» ከማለት ባሻገር፦ የልጆች ቴሌቪዥንና የመርካቶ ሕፃናት

መርካቶ ውስጥ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ሲቆም ሥራው ያለ ብዙ ቃል ይጀመራል። አንዱ መኪናው ላይ ወጥቶ ጆንያውን ወደ ጠርዝ ያንሸራትታል፤ ሌላው ከታች ሆኖ በተሸካሚው ጫንቃ ላይ ያሳርፋል፤ ተሸካሚዎቹ አንዱ ሲሄድ ሌላው እየተመለሰ ይተላለፋሉ፤ መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ይቆጥራል። መንገዱ በጋሪ ቢዘጋ በየት እንደሚዞር ሁሉም ያውቃል። እናቷ ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ የተቀመጠች የአራት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ታያለች። የምታየው ግን እጅና እግር ነው። ሰዎቹ ለምን እንደዚያ እንደተደለደሉ፣ መጀመሪያ ምን ሞክረው እንዳልሆነላቸው፣ ማን ምን ብሎ ሐሳቡን እንዳስለወጠ የሚነግራት የለም። ልምድ ያለው ሠራተኛ ጮክ ብሎ አያስብም።

የልጆች ቴሌቪዥን ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካሜራ ሥራን ማዘግየት፣ አንድን እጅ አቅርቦ ማሳየት፣ በሰዎች መካከል ያለውን ሐሳብ በአፍ ማስነገር ይችላል። ትብብርንና ችግር መፍታትን ለሕፃን ማስተማር ማለት ይህንን የተደበቀ ሐሳብ ገልጦ ማሳየት ነው እላለሁ። የእኛ የልጆች ዝግጅቶች ታሪክ በዚህ መመዘኛ ሲታይ የሚያኮራም፣ ገና ያልተነካም ነገር አለው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆች ፕሮግራም አብሮት ተወለደ ማለት ይቻላል። ተስፋዬ ሣህሉ፣ በሁላችንም አፍ አባባ ተስፋዬ፣ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን በስቱዲዮ ሰብስበው ተረት ነገሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የአያትም የልጅ ልጅም እንባ የፈሰሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣቢያው አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን የአንድ አገር ልጆች በአንድ ሰዓት አንድ አያት ነበራቸው። የእሳቸው ኃይል ፍቅር ያለበት ሥልጣን ነው። ሽማግሌው ያውቃል፣ ልጅ ይሰማል፤ ተረቱ ሲያልቅ ምክሩ ይከተላል። ለጨዋነት፣ ለታዛዥነት፣ ለቋንቋ ፍቅር ይህ ቅርጽ ብዙ ሠርቷል። አብሮ ችግር መፍታትን በተመለከተ ግን ጥያቄ አለኝ፤ ጥያቄው የአባባ ተስፋዬ ብቻ ሳይሆን የቅርጹ ነው።

ማሪ ሉዊዝ ሜርስና ኤሚሊ አኮስታ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች «ክሊፎርድ» ከተባለው የአሜሪካ የካርቱን ዝግጅት አንድ ክፍል እንዲያዩ ተደረገ፤ ታሪኩ ሦስት እግር ስላለው ውሻና እሱን ስለሸሹት ሌሎች ውሾች ነው። አዘጋጆቹ ያሰቡት ከእኛ የተለየን ሁሉ እንድንቀበል ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ የወሰዱት ትምህርት ግን ሦስት እግር ላለው ውሻ ደግ መሆን እንደሚገባ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከታሪኩ መጨረሻ የሚነገረውን ጥቅል ምክር ከራሱ ኑሮ ጋር አያገናኘውም፤ ያየውን እንዳየው ይይዛል።

ታዲያ ስለ ኅብረት ያለን ሀብት በምሳሌያዊ አነጋገር የተሞላ መሆኑ ለትልቅ ሰው ጌጥ፣ ለሕፃን ግን ጭጋግ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ውጤቱን ነገርነው እንጂ ድሩ እንዴት እንደሚያብር አላሳየነውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ደግሞ ክፍፍሉ አልቆ ነው የሚጀምረው። ማን ስንት ይያዝ? የሚያንጠባጥብ ቢኖር? የአራት ዓመት ልጅ ከጓደኛው ጋር የሚጣላው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

«ፀሐይ መማር ትወዳለች» የመጣው ይህንን አቅጣጫ ለመቀየር ነበር። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ሼን ኤትዘንሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋሙ፤ በዓመቱ ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በአማርኛ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቅ አለች። አሻንጉሊቶቹ ከካልሲ፣ ስቱዲዮው ከመኖሪያ ቤታቸው ሳሎን የተሠሩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ መዋዕለ ሕፃናት የከተማና የከፋይ ወላጅ ልጆች ዕድል ስለነበር ቴሌቪዥኑ ለብዙ ልጅ የመጀመሪያው ክፍል ሆነ። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትንና የፕሪ ዠኔስን እውቅና አገኘ፤ ብሩክታዊትም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆኑ።

ሽልማቶቹ ደስ ቢያሰኙም ከእነሱ በላይ የሚመዝነው የመሐል ገጸ ባሕርይዋ ምርጫ ነው። ሥልጣኑ ከሚያውቀው ሽማግሌ ወደማታውቀው ልጅ ተሻገረ። ፀሐይ ትጠይቃለች፣ አላውቅም ትላለች፤ ታሪኩም ከዚያ ይነሳል። ችግር መፍታት የሚጀመረው አላውቅም ማለት ከሚቻልበት ቦታ ነውና ይህ ትልቅ የትምህርት ውሳኔ ነው። የካልሲውም ነገር ቀላል አይደለም። ያየውን አሻንጉሊት ቤቱ ባለ አሮጌ ካልሲ ሊሠራ የሚችል ልጅ ዝግጅቱ ካለቀ በኋላም ከእህቱ ጋር ይቀጥለዋል፤ አንዱ ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ይይዛል። ውድ አኒሜሽን ይህን ግብዣ ለማቅረብ ይቸገራል።

በሌላው ዓለም የተደከመበት ሌላ ብልሃት አለ፤ ዝምታ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው «ብሉስ ክሉስ» አቅራቢው ጥያቄ ጠይቆ ወደ ካሜራው እያየ ለልጁ መልስ ጊዜ የሚሰጥበት ዝግጅት ነበር፤ አንዱ ክፍል ለአምስት ቀናት ይደጋገም ስለነበር ልጆቹ በየቀኑ አብዝተው ሲመልሱ ተመራማሪዎች አይተዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እንቆቅልሽ ሲባል ምን አውቅልሽ ይመለሳል፤ ከዚያ ዝምታ አለ፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠው ሰው መልሱን ይናገራል። በዝምታው መሐል ልጆች ይንሾካሾካሉ፣ ይመካከራሉ፣ አንዱ የሌላውን ግምት ያርማል። ጥያቄ፣ ጊዜ፣ ምክክር፣ መሸነፍ የማያሳፍርበት ሥርዓት፣ ሁሉም ከእሳት ዳር ተዘጋጅቶ ነበር። የልጆች ፕሮግራሞቻችን ከዚህ ቅርስ የወሰዱት ጥያቄውን ነው፤ ጊዜውን ትተውታል። አቅራቢው ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል።

ጊዜ ያልኩት በግጭትም ላይ ይሠራል። ኦስትሮቭ፣ ጀንታይልና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የቅድመ መደበኛ ልጆች ጥናት ትምህርታዊ ዝግጅት አብዝተው የሚያዩ ልጆች ላይ ጓደኛን የማግለልና «አናጫውትህም» የማለት ጠባይ ከፍ ብሎ ታየ። ያልተጠበቀ ውጤት ነበር። ደራሲዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ አሳማኝ ነው፦ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ጠቡን ያሳያል፣ ዕርቁ መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። ስለ ትብብር የሚጽፍ የስክሪፕት ጸሐፊ ይህንን ሚዛን መገልበጥ አለበት። ጠቡ አጭር ይሁን፤ ጠበኞቹ ነገሩን የፈቱበት ሙከራ፣ አንዱ ሳይሆን ሲቀር ሁለተኛው፣ ይርዘም።

አሁን ወደ መርካቶ ልመለስና ትዕይንቱን ልጠይቅ። የልጆች ዝግጅቶቻችን ዓለም በአብዛኛው ሳሎን፣ ግቢና መማሪያ ክፍል ነው። የአዲስ ከተማ ልጅ ግን ከባልትና ሱቅ ጀርባ፣ በሸራ ተራ ጥላ፣ ከጨርቅ ጥቅል መሐል ያድጋል። ያየውን እንዳየው ለሚይዝ ልጅ፣ በስክሪኑ ላይ የታየው ጆንያ ደጃፉ ላይ ያለው ጆንያ ቢሆን ትምህርቱ ብዙ መንገድ መጓዝ አያስፈልገውም። ምን አለሽ ተራ ብቻ ስንት ክፍል ይወጣዋል! አሮጌ በርሜል ወደ ምጣድና ምድጃ ሲለወጥ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ይበይዳል፤ ብረቱ አልታጠፍ ሲል ቆመው ይነጋገራሉ። አሻንጉሊቷ እዚያ ሄዳ «ለምን መጀመሪያ አልበየዳችሁትም?» ብትል ሠራተኛው ሲደብቀው የኖረውን ሐሳብ ለመናገር ይገደዳል። ከዚያ ካሜራው ይቁም፤ ልጁ ይመልስ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አብሮ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። ዛሬ በሱቅ ሥራ የተጠመደች እናት ለልጇ የምትሰጠው ስልክ ነው፤ እጇ ሁለት ብቻ ነውና አልወቅሳትም። ስልክ ግን የአንድ ሰው ዕቃ ነው። ምስሉ ለአንድ ጥንድ ዓይን የሚበቃ ሆኖ ስለ ትብብር ሲያስተምር ልጁ ትብብርን ብቻውን ይማራል። በአንድ ቴሌቪዥን ፊት የተኮለኮሉ የጎረቤት ልጆች ማን ፊት ይቀመጥ በሚል የሚያደርጉት ድርድር ራሱ ትምህርት ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ ዝግጅታቸውን በስልክ ለሚያይ ልጅ ሲሠሩ «አጠገብህ ያለውን ጥራ» የሚል፣ ያለ ሁለተኛ ልጅ የማይጠናቀቅ ጨዋታ ቢያስገቡ ይሻላል።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የመርካቶ ትብብር ሁልጊዜ እኩል አይደለም። የሚቆጥረውና የሚሸከመው አንድ ክፍያ አያገኙም፤ ከተሸካሚዎቹ መካከል ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ አሉ። ትብብርን አሳምሮ ብቻ የሚያሳይ ዝግጅት ለልጁ ታዛዥ ጫንቃ ሊያስተምር ይችላል። ሕፃናት ደግሞ ስለ ድርሻ ከማናችንም በላይ ንቁ ናቸው፤ «እሷ በዛላት» የሚለው ጩኸት ከቤት አይጠፋም። ጩኸቱን በ«ዝም በሉ» ከማለፍ እንደ ችግር መያዝ ይገባል፤ ለዚህም እዚያው ገበያ ውስጥ ዕቁብ አለ። ተራ ይጠበቃል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ቀድሞ የደረሰው መክፈሉን ይቀጥላል፣ የጨነቀው ሰው ተራ ይለመንለታል። ስድስት አሻንጉሊቶች በየቀኑ አንድ አንድ ከረሜላ እያዋጡ ዕጣ ቢያወጡ፣ በሦስተኛው ቀን ቀድማ የበላችው «ዛሬ አላዋጣም» ብትል ምን ይደረጋል? መልሱን አሻንጉሊቶቹ ሳይናገሩ ዝግጅቱ ለነገ ቢያድር፣ የሸማ ተራ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩበት ጉዳይ ያገኛሉ።