የመስኮቶች አጋፋሪ

ሰንዳፋ ላይ መብራት ሲመጣ ቀድሞ የሚጮኸው ፕሪንተሩ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አበራችና አራት ነገር ከፈተች፦ ደንበኞች ፋይል የሚልኩበትን ቴሌግራም፣ ስካን የተደረገውን በእጅ የተጻፈ ረቂቅ፣ የምትጽፍበትን ሊብረኦፊስ፣ የዕለቱን ሒሳብ። ረቂቁ በግራ ግማሽ ተዘረጋ። ባዶው ገጽ በቀኝ ተቀመጠ። ቴሌግራም ጠበብ ብሎ የታችኛውን ግራ ጥግ ያዘ፤ ሒሳቡ ደግሞ ከዓይን ራቅ ብሎ ሁለተኛው ዴስክቶፕ ላይ ተከተተ። አንደኛውን ገጽ ጽፋ ስትጨርስ ነው ቀና ብላ «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ምንም አላስተካከልኩም» ያለችኝ።

ያንን አሮጌ ማሽን ሊኑክስና ኬዲኢ ጭኜ ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት መስኮቶቹ መብራት በተመለሰ ቁጥር መሀል ላይ ተደራርበው ይከፈቱ ነበር፤ አንዱን ጎትታ፣ ሌላውን አሳጥራ፣ ሦስተኛውን ከሥር ፈልጋ ነበር ሥራ የምትጀምረው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ከእጅ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ዓይን ግን ቦታ ይለምዳል፦ ግራ ያነባል፣ ቀኝ ይጽፋል፣ ተመልሶ ያቋረጠበትን መስመር ሳይፈልግ ያገኘዋል። ረቂቁ ከለመደበት አራት ጣት ያህል ፈቀቅ ካለ መስመር ይዘለላል፤ የተዘለለው መስመር ደግሞ ከሰው የይዞታ ማመልከቻ ላይ ሊሆን ይችላል።

በድሮው የግብር አዳራሽ እንግዳ ያሻው ቦታ ሄዶ አይቀመጥም ነበር። አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ ያያል፣ ማንነቱን ያውቃል፣ ወደሚገባው ስፍራ ይመራዋል። የመስኮት አስተዳዳሪ የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሊብረኦፊስ የሚያውቀው በውስጡ ያለውን ገጽ ነው፤ የመስኮቱን ጠርዝ የሚሥለው፣ የመዝጊያዋን ምልክት የሚያስቀምጣት፣ ከማን በላይ ከማን በታች እንደሚሆን የሚወስነው አጋፋሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ከኤምአይቲ የወጣው የመስኮት ሥርዓት፣ ኤክስ 11፣ የተሠራው ችሎታውን እኔ እሰጣለሁ፣ ልማዱን እናንተ ወስኑ በሚል መርህ ነበር። ስለዚህ አጋፋሪዎቹ በዙ። የሮበርት ኔሽን ኤፍቪደብሊውኤም በ1993 መጣ፤ በኋላም ዊንዶ ሜከር፣ ፍለክስቦክስና ሌሎችም ተከተሉ። ሰንዳፋ ያለው ማሽን ላይ የሚሠራው ኬዊን ነው፤ ማቲያስ ኤትሪች በ1996 የመሠረተው የኬዲኢ ዴስክቶፕ አጋፋሪ። መስኮቶችን በየግል የማስታወሱን ክፍል የጻፈው ሉቦሽ ሉናክ ሲሆን ሥራው እ.ኤ.አ. የ2004 ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚጠቀምበት፣ በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ነውና።

የማስታወስ ሥራ የሚጀምረው ከመለየት ነው፤ የመጀመሪያው ጥበብም እዚህ ላይ ይታያል። መስኮት በተከፈተ ቁጥር አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የትናንቱ ቁጥር ከትናንቱ መስኮት ጋር ሞቷል። ርዕሱም አያስተማምንም፤ ፋይል በተቀየረ ቁጥር እንደ ልብስ ይቀያየራል። ታዲያ አጋፋሪው የትናንቱን እንግዳ በምን ይወቀው? ኤክስ ለእያንዳንዱ መስኮት ሁለት ስም ሰጥቶታል፤ አንዱ የራሱ ሌላው የወገኑ፣ ልክ እንደኛ ስምና የአባት ስም። ፋየርፎክስ የአባት ስሙ ፋየርፎክስ ነው፤ የራሱ ስም ግን ናቪጌተር፣ የድሮውን አሳሽ የሚያስታውስ ስም። ሊብረኦፊስ ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል፦ መጀመሪያው ስም ለሁሉም አንድ ነው፣ ጽሑፍ ይሁን የሒሳብ ሠንጠረዥ የሚለየው በሁለተኛው ነው። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ስም ብቻ ሕግ ጽፌ ሒሳቡም ደብዳቤውም ተያይዘው ሁለተኛው ዴስክቶፕ ላይ ሲሰወሩ አይቻለሁ። ሁለት ስም ሲያንስ ሦስተኛ አለ፣ የመስኮቱ የሥራ ድርሻ፦ ጊምፕ ላይ የመሣሪያ ሣጥኑና የፎቶው መስኮት በስም አንድ ቤተሰብ ቢሆኑም በድርሻ ይለያያሉ። ለመታወቂያ ፎቶ የምታስተካክል ልጅ ሣጥኑ ሁልጊዜ በአንድ ጎን እንዲቆም የምትፈልገው ለዚህ ነው።

ዋናውን ማድነቅ የምፈልገው ግን ግሦቹን ነው። በኬዊን የሕግ መስኮት ላይ ከእያንዳንዱ ጠባይ (ከቦታ፣ ከስፋት፣ ከዴስክቶፕ፣ ከማነስና መግዘፍ) ጎን አንድ ዝርዝር አለ፤ በውስጡም አትንካ፣ ሲከፈት ተግብር፣ አስታውስ፣ አስገድድ፣ አሁን ተግብር፣ ለጊዜው አስገድድ የሚል ትርጉም ያላቸው ስድስት ቃላት። ችኩል ሠሪ ቢሆን «አስታውስ» የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ ሣጥን አስቀምጦ ያልፍ ነበር። ሉናክ ግን ማስታወስ አንድ ነገር አለመሆኑን አይቷል። «ሲከፈት ተግብር» መስኮቱን ወደ ተነገረው ቦታ ያመጣና እጁን ያነሣል፤ ብታንቀሳቅሰው ዝም ይላል፣ ነገ ግን ከመጀመሪያው ቦታ ይጀምራል። «አስታውስ» ከዚህ ይለያል፦ የመጨረሻውን የእጅህን ሥራ ይከተላል፣ ዛሬ ያኖርክበትን ነገ ይሰጥሃል። «አስገድድ» ከሆነ እጅህ አይሠራም፤ ብትጎትትም አይሄድም። «አሁን ተግብር» አንዴ ሠርቶ ሕጉ ራሱ ይጠፋል። «ለጊዜው አስገድድ» መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ይኖራል፣ ከዚያ ከመስኮቱ ጋር ይሄዳል።

በእኔ ዓይን ከሁሉ የረቀቀው «አትንካ» ነው። ስትሰማው ባዶ ቃል ይመስላል፤ ምንም ካላደረገ ለምን ተጻፈ? ሕጎቹ ከላይ ወደ ታች በተራ ይነበባሉ፤ ስለ አንድ ጠባይ መጀመሪያ የተናገረው ሕግ ያሸንፋል። «ሊብረኦፊስ ሁሉ በቀኝ ግማሽ ይሁን» የሚል ሰፊ ሕግ ካለህ፣ ከእርሱ በላይ «ይህ አንዱ ግን አይነካ» የሚል ጠባብ ሕግ ታስቀምጣለህ። «አትንካ» ያቺን መስኮት ከሰፊው ሕግ ይከልላታል፣ በቦታዋ ላይ ሌላ ትእዛዝ ሳይጭንባት። ዝም ማለትና ዝም አሰኝቶ መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

ለጽሑፍ ቤቷ ማሽን ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ የመረጥኩት «አስታውስ»ን ነው። ማስገደድ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፣ እርሱም ቴሌግራም ነው። ኬዊን አዲስ የሚከፈት መስኮት የምትጽፍበትን ፊደል እንዳይነጥቅ የሚከላከልበት አምስት ደረጃ አለው፤ ከምንም እስከ እጅግ ጥብቅ። የቴሌግራምን አጠበቅሁት። የፍርድ ቤት አቤቱታ እየጻፈች ሳለ ግማሹ ዓረፍተ ነገር ወደ ማያውቁት ሰው መልእክት ሆኖ መሄድ የለበትም። በቦታ ላይ ግን እርሷ ትወስን፤ ጠረጴዛው የእርሷ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማነው ማስታወስ ያለበት፣ እንግዳው ወይስ አጋፋሪው? በዊንዶውስ ልማዱ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቦታ እንዲያስታውስ ነው፤ አንዱ ያደርገዋል፣ ሌላው ይረሳዋል። በኤክስ ላይም ለራሳቸው ማስታወስ የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ የእነርሱ ስሕተት ሙያውን በደንብ ያስተምራል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የገጹን ጥግ ይለካል፤ የርዕሱ አሞሌ ግን የአጋፋሪው ሥራ ስለሆነ ከልኬቱ ውጪ ይቀራል። ሲከፈት ያንን ቁጥር ይሰጣል፤ አጋፋሪው ደግሞ የጠርዙ ጥግ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር የአንድ የርዕስ አሞሌ ቁመት ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ ዛሬ ጣት ያህል፣ ከሳምንት በኋላ ግማሽ ስክሪን። ጠርዙን የሠራው እርሱ ራሱ ሲያስታውስ ግን ይህ መንሸራተት የለም፤ የለካውም የሚያስቀምጠውም አንድ እጅ ነውና። ኤክስን እየተካ ያለው ዌይላንድ ከዚህ አልፎ ሄዷል፦ እዚያ ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ አይነገረውም። ቦታን ማስታወስ ሙሉ በሙሉ የአጋፋሪው ሆኗል። በለውጡ የጠፋ ነገርም አለ፦ ዌይላንድ ለፕሮግራሙ አንድ መለያ ስም ብቻ ይዞ ነው የተነሣው፣ የአባት ስም የሌለው።

ርዕስ አያስተማምንም ብያለሁ፤ አንዳንዴ ግን ሌላ መንገድ አይኖርም። የሒሳብ ሠንጠረዦቿ ብዙ ናቸው፣ የምትሠወረው ግን የዕለት ገቢዋ አንዷ ብቻ መሆን አለባት። በስም ሁሉም አንድ ስለሆኑ የቀረው የፋይሉ ርዕስ ነው፣ ርዕሱ ደግሞ አማርኛ ነው። የድሮው የርዕስ መላኪያ መንገድ ለላቲን ፊደል የተመቸ ነበር፤ ኋላ የመጣው ስምምነት ርዕስ በዩቲኤፍ 8 እንዲጻፍ ስላደረገ፣ ዩኒኮድም እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ሦስተኛ እትሙ ጀምሮ ፊደላችንን ስላቀፈ፣ ኬዊን «ሒሳብ» የሚለውን ቃል ያለ ምንም ችግር ያነበዋል። ችግሩ የእኛ ነበር። የቤቱ ባለቤት ፋይሉን «ሒሳብ» ብለው ይሰይማሉ፣ ጸሐፊዋ «ሂሳብ» ትላለች። ለጆሮ አንድ፣ ለማሽኑ ሁለት። ደግነቱ ሕጉ ርዕስን በስርዓተ ቀመር ማዛመድ ይችላል፤ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ሒ፣ ሂ እና ኂን ጎን ለጎን ጻፍኩና «ሳብ»ን አስከተልኩ። ቅንፉ ውስጥ ካሉት ማንኛቸውም ይሁን፣ ሠንጠረዡ ወደ ቦታው ይሄዳል። ስለ ሞክሼ ፊደላት ስንት ዘመን የተከራከርንበት ጉዳይ እዚህ ማንም ማንንም ሳያርም አንድ መስመር ላይ አብሮ ተቀመጠ፤ ያን ስጽፍ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

ሰንዳፋ ላይ ከቦታም በላይ መታወስ ያለበት ግን ቋንቋ ነው። ለወረዳው የሚሄደው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጻፋል፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሄደው በአማርኛ። ሁለቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ኪቦርድ። በግዕዝ ፊደል ላይ ተትቶ የነበረ ኪቦርድ ቁቤው ሲጻፍበት ድርብ አናባቢዎቹን ሁሉ ወደ ፊደል ክምር ይለውጣቸዋል፤ ዓይኗ ረቂቁ ላይ ስለሆነ የምታየው መስመሩ ካለቀ በኋላ ነው። እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ የኪቦርድ ቋንቋ ለየፕሮግራሙ ለብቻው ይያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ለሁሉም አንድ አደረገውና የድሮውን ጠባይ ከቅንብሩ ውስጥ በምርጫ አስቀረው። በአንድ ፊደል ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ለውጥ ምንም አይደለም፤ በሁለት ፊደል ለሚያድር ጽሑፍ ቤት ግን ትልቅ ነው።

ኬዲኢ እዚህም ቃላቱን ለይቷል፦ ቋንቋው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ በየዴስክቶፑ፣ በየፕሮግራሙ ወይስ በየመስኮቱ? አማርኛን በሁለት ቁልፍ አንድ ፊደል እያደረገ የሚያስገባው ኤፍሲአይቲኤክስም የራሱ ተመሳሳይ ምርጫ አለው። ብዙ ሰው «በየፕሮግራሙ» የሚለውን ያደንቃል። ለዚህ ቤት ግን አይሆንም፤ ቁቤውም አማርኛውም የሚጻፉት በአንዱ ሊብረኦፊስ ውስጥ ነው። ሁለት ደብዳቤ ጎን ለጎን ከፍታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ፊደሉ አብሮ መሻገር አለበት። በየመስኮቱ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ አንገቷ ወደ ስክሪኑ ጥግ፣ ወደ ቋንቋው ምልክት ሲዞር አላየሁም።

አንድ የሚጎድል አለ። በየመስኮቱ የተያዘው ቋንቋ መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይረሳል፤ ያው ደብዳቤ ነገ ሲከፈት ኪቦርዱ የትኛው ፊደል እንደሚገባው አያውቅም። ፋይሉ ግን በውስጡ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ መዝግቦ ይዟል። ሁለቱ ሊነጋገሩ ሲችሉ አይነጋገሩም። ቦታን ያስታወሰው ያ ጥንቁቅ እጅ አንድ ቀን እዚህም ቢደርስ እመኛለሁ።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ቴሌግራሙ የረቂቁን የታችኛውን መስመር ሸፈነባትና ጎትታ ወደ ቀኝ ጥግ ወሰደችው። ኬዊን እንዲህ ያለ ለውጥ ሲያይ ወዲያው ፋይል ውስጥ አይጽፍም፤ ለውጡ በተከታተለ ቁጥር እንዳይጽፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይታገሣል፣ ከዚያ አንዴ ይጽፋል። የሕጎቹን ፋይል ከፍቼ አየሁት። «አስታውስ» በውስጡ 4 ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ ከእርሱ አጠገብ ያሉት ሁለቱ የቦታ ቁጥሮች ተቀይረው ነበር። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ስክሪኑ በአንዴ ጨለመ። እርሷ ወጥታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ እኔ ውስጥ ቀረሁ።

መብራቱ ሲመለስ ፕሪንተሩ ጮኸ። አራቱን በተራ ከፈተች፤ ቴሌግራም ቀኝ ጥግ ነበር።