የጌሾ ምሬትና የወይራ ጢስ
(ስለ ጠጅ አጣጣምና አቀራረብ)

የአንድ ሕዝብ ጥበብ በመድረክ፣ በሸራና በመጽሐፍ ብቻ ተወስኖ አይኖርም። በጓዳና በገበታ፣ በጋንና በብርሌ የሚገለጥም ጥበብ አለ። ይሁን እንጂ የኪነ ጥበብ ሂስ ይህን ዘርፍ ሲመረምር እምብዛም አይታይም። በባህል ትርዒት ላይ ብርሌው ባዶውን ይደረደራል፤ ጠጁ ራሱ በስኳርና በጥድፊያ ሲበላሽ ግን ተናጋሪ የለም።

የግሪኮች ሬትሲና ለንጽጽር ይረዳል። የጥንት ግሪኮች የወይን ጠጅ እንስራዎቻቸውን አየር እንዳይገባባቸው በጥድ ሙጫ ይመርጉ ነበር። ሙጫው መጠጡን ከመበላሸት ሲጠብቅ ጠረኑንም አወረሰው። እንስራው በሌላ ዕቃ ከተተካ በኋላም ሕዝቡ ጣዕሙን ስለ ወደደው፣ የአሌፖ ጥድ ሙጫ እስከ ዛሬ በሚፈላው የወይን ጭማቂ ውስጥ ይጨመራል። ያልለመደ እንግዳ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ ባለአገሩ ግን አቀዝቅዞ ከጨዋማ ዓይብ፣ ከወይራ ፍሬና ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ያጣጥመዋል። ለብቻው የከበደው ጠረን በገበታው ላይ ቦታውን ያገኛል።

በኢትዮጵያ የዚህን ሙጫ ቦታ የያዙት ጌሾና ጢስ ናቸው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ በወይራ እንጨት ይታጠናል። ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ የጌሾ እንጨትም ይጨመርበታል። የጠጅ ጣይዋ ሙያ የሚለየው ጌሾው መቼ እንደሚገባ በማወቋ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚወጣ በማወቋም ነው። ቀድሞ ከወጣ ጠጁ ልል ይሆናል፤ ከዘገየ ምሬቱ ማሩን ይውጠዋል። እንግዲህ ምሬት የጠጅ ጉድለት ሳይሆን አከርካሪው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ይህን ሙያ ለመመዘን የተመቹ ናቸው። በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢራራቁም፣ ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በደሴ ብርድ ጠጁ ዘግይቶ ይበስላል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ፈጥኖ ይፈላል፤ ቸል ከተባለም ፈጥኖ ይኮመጥጣል። ስለዚህ የቀኑን ቁጥር ብቻ የምትከተል ጣይ በአንደኛው ከተማ መሳሳቷ አይቀርም። አቀራረቡም እንዲሁ ነው፤ ለደሴ የጓዳው ቅዝቃዜ ይበቃል፤ ለኮምቦልቻ ግን ጥላና እርጥብ ጨርቅ ያስፈልጋል።

ብርሌም ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ሆዱ ቀለሙን ለብርሃን ይገልጣል፤ ጠባብ አንገቱ ጠረኑን ይሰበስባል። በወጉ መሠረት አሳላፊው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ዓይን ያያል፤ አፍንጫ ጢሱን ይለያል፤ ምላስ መጀመሪያ ማሩን፣ በመጨረሻ ጌሾውን ያገኛል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ጠጁ ወይ አልበሰለም፣ ወይ ተበርዟል። ከገበታው ጋር ሲጣመርም የበሰለው ጠጅ የጥሬ ሥጋንና የዶሮ ወጥን ቅባት ይቆርጣል፤ ለጋው የበርበሬን ቃጠሎ ያበርዳል። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስም «አይጠየፍ» ነው። በወሎ ገበታ ላይ የዚህ ስም ትርጉም ዛሬም ይሠራል፤ አስካሪ ለማይጠጣው ሙስሊም ጎረቤት ያልፈላው ብርዝ በክብር ሊቀርብለት ይገባል። ብርዝን የረሳ ደጋሽ ግማሽ እንግዳውን ረስቷል።

ሂሱ ለጠጅ ቤት ብቻ አይደለም። ስኳር ጨምሮ «የማር ጠጅ» ብሎ መሸጥ ሸማቹን ማታለል ነው፤ የማር ዋጋ መወደድ ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ ስሙን ትክክል አያደርገውም። የስኳሩ በስሙ ይሸጥ። ቴአትራችንም ከነቀፋ አያመልጥም። ብርሌ ወደ መድረክ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የመኳንንት ድሎትን ወይም የሰካራምን መንገዳገድ ለማሳየት ነው። ጋኑን ያጠበችው፣ ያጠነችውና ሌሊት ተነሥታ ያዳመጠችው ሴት ገጸ ባሕርይ ሆና አትታይም።

በኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ አለ። የፋብሪካው ጣዕም በመዝገብና በመለኪያ ይጠበቃል፤ የጠጅ ጣይዋ ጣዕም ግን በእጇና በአፍንጫዋ ብቻ ተቀምጧል። እርሷ ስታልፍ አብሮ ያልፋል። መምህሩ ተማሪዎቹን ከጓዳ ልኮ ሙያውን ያስመዝግብ፤ የባህል ባለሙያው ለትርዒት ብርሌ ሲደረድር ጣይዋንም ይጋብዝ፤ ጸሐፌ ተውኔቱ ድምፅ ይስጣት። ያኔ ብርሌው ባዶውን አይቆምም።