ከጥርሱ በፊት ድዱ

ሰው የኋላ ጥርሱን ቢያጣ በሌላው ጎን እያኘከ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። የፊት ጥርስ ሲጎድል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲስቅ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል፣ ፎቶ ሲነሳ ከንፈሩን ይገጥማል። ዓለም አቀፉ የኢምፕላንት ባለሙያዎች ቡድን፣ በአጭር ስሙ አይቲአይ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የሕክምና መመሪያዎቹን ተከታታይ ሲጀምር የመጀመሪያውን ጥራዝ ለዚህ ስፍራ መስጠቱ ያስመሰግነዋል። «የኢምፕላንት ሕክምና በውበት ቀጣና፦ የአንድ ጥርስ ምትክ» የተባለው ይህ መጽሐፍ ከቀላሉ አልጀመረም።

ያዘጋጁት የጄኔቫው ኡርስ ቤልዘር፣ የበርኑ ዳንኤል ቡዘርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። መነሻው በ2003 በስዊዘርላንዷ ግሽታድ ባለሙያዎች ተሰብስበው የተስማሙባቸው ነጥቦች ናቸው። የተጻፈው ለሐኪም ነው። ሆኖም ጥርስ ለማስተከል የሚያስብ ሰውም ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ምን እንደሚፈልግ ሊረዳበት ይችላል።

ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ በ1965 የመጀመሪያውን ታካሚ ሲያክም ጭንቀቱ ሰውየው ማኘክ እንዲችል ነበር። ኢምፕላንት የሚባለው የታይታኒየም ብሎን ከመንጋጋ አጥንት ጋር ከተዋሐደና ካልተነቃነቀ ሥራው ተሳካ ይባል ነበር፤ ለረጅም ጊዜም መለኪያው ይኸው ሆኖ ቆየ። የዚህ መጽሐፍ ደራሲዎች ግን በዚህ አልረኩም። ብሎኑ እንደ ዓለት ጸንቶ፣ ታካሚው ግን ከመስታወት ፊት ቆሞ ሊያዝን እንደሚችል ያውቃሉ። ስለዚህ ጥያቄያቸው «ያዘ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ያስታውቃል ወይ?» የሚለውንም ይጨምራሉ።

የመጽሐፉ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የፊት ጥርስ ተፈጥሯዊ መልክ የሚወሰነው ከብሎኑ ላይ በሚቀመጠው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ማለትም በክራውኑ፣ ጥራትና ንጣት ይመስለዋል። ደራሲዎቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው፦ ቀድሞ የሚወስነው አጥንቱና ድዱ ነው። ጎበዝ ቴክኒሻን ካለ ሴራሚኩ ከጎኑ ካለው ጥርስ ጋር ይመሳሰላል፤ ካልተመሳሰለም ይመለስና ይሠራል። የሸሸ ድድን መመለስ ግን ብዙ መከራ አለው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመለስም።

ምክንያቱ የአካሉ አሠራር ነው። ከላይኛው የፊት ጥርስ ሥር ፊት ለፊት ያለው የአጥንት ግድግዳ በብዙ ሰው ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው። ይህ ግድግዳ የሚኖረው በጥርሱ ነው። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር ባሰረው ጅማት በኩል ደም ስለሚያገኝ፣ ጥርሱ ሲነቀል ግድግዳው አብሮ ይከስማል። አጥንቱ ሲወርድ ድዱ ይከተለዋል፤ አዲሱ ጥርስም ከጎረቤቱ ረዝሞ ይታያል። ለዚህ ነው መጽሐፉ ስለ ብሎኑ አቀማመጥ ያለ ይሉኝታ የሚጨቀጭቀው። ጥቂት ወደ ከንፈር ካዘመመ ድዱ ይሸሻል፤ ወደ ጎን ጥርስ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ከተጠጋ የጎረቤቱን አጥንት ይዞ ይወርዳል። ደራሲዎቹ በሦስቱም አቅጣጫ «የምቾት» እና «የአደጋ» ክልል ከፍለው በሥዕል ያሳያሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከእርሳስ ጫፍ አይሰፋም።

በሁለት ጥርሶች መካከል ሾልካ የምትገባዋን ባለ ሦስት ማዕዘን ድድም እንመልከት። እሷ ከጠፋች በቦታዋ ጥቁር ቀዳዳ ይቀራል፤ የተተከለ ጥርስን ከሩቅ የሚያሳብቀውም ብዙ ጊዜ ይኸው ቀዳዳ ነው። አሜሪካዊው ዴኒስ ታርኖው ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1992 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ በተፈጥሮ ጥርሶች መካከል ለክተው ነበር። ጥርሶቹ ከሚነካኩበት ነጥብ እስከ አጥንቱ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ድዷ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አለች፤ 6 ሲሆን ከግማሽ ጥቂት በሚበልጡት ብቻ፤ 7 ሲደርስ ከሩብ ብዙም በማይበልጡት። መጽሐፉ ይህን መለኪያ ወስዶ ተግባራዊ አደረገው። እዚህ ላይ ኢምፕላንቱ ሳይሆን የጎን ጥርሶች አጥንት ነው ዳኛው። ምንም ያህል የተዋጣለት ሐኪም ቢሆን ጎረቤቱ ያጣውን አጥንት በክራውን ሊተካ አይችልም።

ሁሉም የሚጠቃለለው በአንድ ሰንጠረዥ ነው፤ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ብቻ ምረጥ ብባል የምይዘው እሱን ነው። አሥራ ሁለት ረድፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ረድፍ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ሥጋት ተብሎ ተከፍሏል። ታካሚው ያጨሳል? በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ከሆነ ከፍተኛ። ሲስቅ ድዱ ይታያል? ድዱ ወፍራም ነው ስስ? ጥርሱ አራት ማዕዘን ነው ወይስ ወደ ሥሩ እየጠበበ የሚሄድ? ቦታው መግል ቋጥሯል? የጎደለው አንድ ነው ሁለት? ስስ ድድ የብረቱን ግራጫ ቀለም እንደሚያሳልፍ የዙሪክ ተመራማሪዎች በ2007 በአሳማ መንጋጋ ላይ ሞክረው አሳይተዋል። ድዱ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ታይታኒየሙ በዓይን ይለያል፣ ነጭ ሴራሚክ የሆነው ዚርኮኒያ ግን አይለይም፤ 3 ሲሆን ሁለቱም አይታዩም። የሰንጠረዡ ውበት ሐኪሙ ቃል ከመግባቱ በፊት እንዲያመዛዝን ማስገደዱ ነው። «እንደ ድሮው አደርግልሃለሁ» የሚል ሐኪም ከፍተኛ ሥጋት ላይ ሦስት አራት ምልክት ካደረገ በኋላ ያንን ቃል ለመድገም ድፍረት አያገኝም።

ነቀፌታዬም ከዚሁ ሰንጠረዥ ይጀምራል። የታካሚው ፍላጎት አንድ ረድፍ ተሰጥቶታል፤ የሚጠበቀው ውጤት ከፍ ካለ ሥጋቱም ከፍ ይላል። ለሐኪሙ ጥንቃቄ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰውየው የሚመኘው ምን ዓይነት ውበት እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ የለም፤ ሁሉም ተመሳሳይ ፈገግታ እንደሚፈልግ ተቆጥሯል። እኛ ዘንድ ፍንጭት ጥርስ የቁንጅና ምልክት ነው። ፍንጭት የሆነች ሴት አንድ የፊት ጥርሷን ብታጣ ክፍተቱ እንዲመለስላት ልትጠይቅ ትችላለች። በእርግጥ ኢምፕላንት ከብሪጅ የሚበልጥበት አንዱ ቦታ ይህ ነው፤ ብሪጅ ጥርሶቹን አያይዞ ክፍተቱን ይደፍነዋል፣ ኢምፕላንት ግን ለብቻው ይቆማል። ጥርሶቹ ካልተነካኩ ግን የ5 ሚሊ ሜትሩ ደንብ በምን ይለካ?

የድዱ ቀለም ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ2005 የቪየናው ሩዶልፍ ፉርሃውዘርና ባልደረቦቹ ለተተከለ ጥርስ ዙሪያ ድድ 14 ነጥብ የሚሞላ መመዘኛ አውጥተው «የሮዝ ውበት ነጥብ» አሉት። በዚህ መስክ ጤናማ ድድ ሮዝ ነው ተብሎ ያለ ክርክር ታልፏል። የአዲስ አበባ ሐኪም ግን አፍ ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በተፈጥሮ የጠቆረ ድድ ነው፤ ከሰሜኑ ክፍል የመጡ አንዳንድ እናቶች ደግሞ በመርፌ ተወግቶ የተነቀሰ ሰማያዊ ጥቁር ድድ አላቸው፤ ያውም በትክክል የፊት ጥርሶቹ ላይ። የጎደለውን ለመሙላት ከላንቃ ተወስዶ ከላይ የሚለጠፍ ድድ እዚያ ላይ እንደ ነጭ እራፊ ያስታውቃል። ይህ ችግር ሰንጠረዡ ላይ አልገባም።

ሌሎቹን ቅሬታዎች በአጭሩ ልለፋቸው። ፎቶዎቹ በአብዛኛው የተሳካላቸውን ያሳያሉ፤ አንባቢ ግን ከተበላሸው ይበልጥ ይማር ነበር። አይቲአይ ከስትራውማን ኩባንያ ጋር በአጋርነት የሚሠራ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ዋጋ የሚባል ረድፍ የለም፤ ይህ በበርን ላይታሰብ ይችላል፣ እኛ ጋ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ዕድሜም ራሱን የቻለ ረድፍ አላገኘም። መንጋጋው እድገቱን ባልጨረሰ ልጅ ላይ የተተከለ ጥርስ ሌሎቹ ሲወርዱ ባለበት ይቀራልና፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አጥሮ ይታያል።

በ2017 ቪቪያን ሻፑዊና ዊሊያም ማርቲን ያዘጋጁት አሥረኛው ጥራዝ ወደዚሁ ርዕስ ተመልሷል። ስለ ቁሳቁስና ስለ ቴክኒክ የሚፈልግ እሱን ያንብብ። አስተሳሰቡን ለመያዝ ግን የመጀመሪያው አሁንም ይበልጣል እላለሁ፤ በተለይ ሐኪም ለመሆን ለሚማር። ጥርሱ ገና ያልተነቀለ አንባቢ ደግሞ ስለ ክራውኑ ቀለም ከመጠየቁ በፊት ስለ ፊተኛው አጥንት ውፍረት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ከተነቀለ በኋላ ብዙው ነገር ያለፈበት ይሆናል። ሰንጠረዡን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሐኪም ከተገኘም እባክዎ በአሥራ ሁለቱ ረድፎች አይወሰኑ፤ አሥራ ሦስተኛ ይጨምሩ፦ የድድ ቀለምና ንቅሳት።