ዋስ ሁነኝ ሲሉህ

የቢዝነስ ሕግ ኮርስ በተለመደው አካሄድ «ሕግ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል። የሕግ ምንጮች፣ የሕግ ክፍሎች፣ የሰውነት መብት እያለ ውል ላይ ሲደርስ ሴሚስተሩ ተጋምሷል። ደብረ ብርሃን ላይ የአካውንቲንግና የማኔጅመንት ተማሪዎችን ሳስተምር ይህን ቅደም ተከተል ትቼዋለሁ። ፊቴ የሚቀመጡት ልጆች ጠበቃ አይሆኑም፤ ፈራሚ ግን ሁሉም ይሆናሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እኔው ያዘጋጀሁትን የአንድ ገጽ የዋስትና ውል አድላቸዋለሁ።

ለምን ዋስትና? ተመራቂው ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል። ደመወዝተኛ ከሆነ በኋላ ደግሞ ተራው የእሱ ነው፤ የአጎቱ ልጅ መጥቶ «ዋስ ሁነኝ» ይለዋል። በእኛ አገር ለዘመድ እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ወረቀቱን ማንበብም ሰውየውን እንደ መጠርጠር ይታያል። ብዙ ሰው ሳያነብ የሚፈርመው በዚህ ይሉኝታ ነው።

ሕጉ ግን ለዋስ አዝኗል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠ አይገመትም ይላል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ውሉ አይጸናም። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን። መጠኑ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ መሆኑን የሚያየው ከክፍሉ ጥቂቱ ነው። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውን ሐረግ ደግሞ ሁሉም እንደ ማሳመሪያ ያልፉታል። ይህ ሐረግ በሌለበት ዋሱ «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ተመልከቱ» ብሎ መከራከር ይችላል። ካለ ግን ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱ ላይ መምጣት ይችላል። እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የተፈረመበት ተማሪ አይጠፋም።

ቀጥሎ ከተማሪው ጭንቅላት ለማውጣት በጣም የሚያስቸግረኝ እምነት ይመጣል፦ «ያልተጻፈ ውል ውል አይደለም»። ወደ ደብረ ብርሃን የበግ ገበያ እልካቸዋለሁ። በቃል ተስማምቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ በጉን እየጎተተ የሚሄደው ገበሬ በሕግ ፊት የጸና ውል አድርጓል፤ ሕጉ በመርሕ ደረጃ ልዩ ፎርም አይጠይቅም። ቤት ሲሸጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ቁጥር 1723 ጽሑፍንና ምዝገባን ይጠይቃል። ብድርም የራሱ ወሰን አለው፤ ከ500 ብር በላይ ከሆነ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ነው። ዛሬ በ500 ብር አንድ በግ አይገዛም። ስለዚህ በወዳጆች መካከል የሚደረግ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ያለ ጽሑፍ የሚሰጠው ግን ብዙ ነው።

ቀብድ ማስተማር ደስ ይለኛል፤ ሁሉም ያውቀዋልና። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ቢለውጥ እጥፉን ይመልሳል። የመጀመሪያውን ሁሉም ይመልሳሉ፤ ሁለተኛውን ሲሰሙ ግን ይገረማሉ፤ በገበያው ላይ ብዙ ጊዜ ሻጩ የተቀበለውን ብቻ መልሶ ይገላገላልና።

ማኅበራትን ፈጠን ብዬ አልፋለሁ። ለአክሲዮን ማኅበር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐበሻ ቢራ አክሲዮን ለሕዝብ ሸጦ ፋብሪካውን እዚሁ ከተማ ተክሏል። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ሥራ ፈጣሪ መሆን የሚመኙት በዚህ ይነቃሉ።

ፈተናዬ ላይ ትርጉም ጻፉ አልልም። ክፍተት ያለበት ውል ሰጥቼ «ትፈርማለህ? ምን ታስቀይራለህ?» እላለሁ። ንድፈ ሐሳቡ ይሸረሸራል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስለ መሠረቱ መጨነቃቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዋስትናን በወረቀት ላይ የተከራከረ ተማሪ ስለ ተዋዋዮች ፈቃድ ሲነገረው ከምን ጋር እንደሚያያይዘው ያውቃል። የተገላቢጦሹን አካሄድ ሲሠራ አላየሁትም።

እርስዎም ነገ ዋስ ሁነኝ የሚል ዘመድ ቢመጣ እምቢ እንዲሉ አልመክርም። የገንዘቡ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ከሆነ ግን ከመፈረምዎ በፊት ያስሞሉት፤ አንዱን ቅጂም ይዘው ይሂዱ።